እጩዎቻችንን እኛው እንምረጥ
(በፓርቲው የክልል ቅርንጫፍ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ደብረ ብርሃን)

የተከበራችሁ ጉባኤተኞች፣ ከዋናው ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ አመራሮች፣ ከየወረዳው ብርዱን ችላችሁ የመጣችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

መርሐ ግብሩ «የሰሜን ሸዋ ዞን የሥራ ሪፖርት» ይላል። ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው፤ ታነቡታላችሁ። እኔ የተሰጠኝን ሰዓት የማውለው ለአንድ ጥያቄ ነው። እጩ የሚመርጠው ማን ነው?

ስንመሠረት የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 10,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። ለክልል ፓርቲ 4,000 ይበቃል። እኛ አገር አቀፍ እንሁን አልን። ቅጹን ይዘን መሐል ሜዳ ወጣን፣ ዓለም ከተማ ወረድን፣ አረርቲ ገበያ ቆምን። ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመልን። በእኛ አገር ስምን ፓርቲ ወረቀት ላይ ማስፈር ምን ሊያስከትል እንደሚችል የማያውቅ የለም። እያወቁ ፈረሙ።

ከዚያ ምርጫ መጣ። መንዝ ውስጥ አንድ ወረዳ ላይ አባላት እጩ ሊመርጡ ተሰበሰቡ። ለአዳራሽ የሚከፈል ስላልነበረ አንድ አባላችን ግቢያቸውን ሰጡን። ሰው በርኖሱን ደርቦ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጣ። ሦስት ሰዎች ተጠቆሙ፤ ተራ በተራ ተነስተው ተናገሩ። አንዱ ስለ መንገድ ማውራት ሲጀምር አንዲት እናት አቋረጡትና «መንገዱ ይቆይ፤ ማዳበሪያው ዘንድሮም ዘር ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው?» አሉት። ቁርጥ ያለ መልስ እስኪሰጥ አላስቀመጡትም። ማንበብ የማይችሉ ስለነበሩ ድምፁን በባቄላ አደረግነው። ሦስት ማሰሮ ጓዳ ገባ፣ በየማሰሮው ላይ የተጠቋሚው ፎቶ ተለጠፈ። ሰው ብቻውን እየገባ አንድ አንድ ፍሬ ጣለ። ቆጠራው በሁሉም ፊት ሆነ። የተሸነፉት ሁለቱ ያሸነፈውን አቅፈው ሳሙት። መምህር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ ዝርዝር መጣ። የመምህሩ ስም የለም። በእሱ ቦታ የሰፈረው ሰው ያን ወረዳ ረግጦት አያውቅም። ስንደውል «ተወስኗል» ተባልን። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ አባት ቢሮ ድረስ መጡ። የአባልነት መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ባቄላችንን ማን በላው?» አሉኝ። ዛሬ ጥያቄያቸውን ለእናንተ አቀርባለሁ። ማን በላው?

«አባላቱ ገና አልበሰሉም» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የመንዝ ሰው ነው ያልበሰለው? የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ የጓሳን ሣር የሚያስጠብቅለትን አለቃ ራሱ እየመረጠ የኖረ ሕዝብ ነው። ሣሩ መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት፣ ማን ይጨድ የሚለውን በራሱ ሕግ ሲዳኝ ኖሯል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም ጓሳ ላይ የሚታዩት በዚያ ጥበቃ ነው። ይህ ሕዝብ አንድ እጩ መምረጥ ያቅተዋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ማንሳት የተፈቀደለትን ሰው መጠቆም የምትከለክሉት በየትኛው ሥልጣን ነው?

ፊርማ ሲፈለግ እኛ፣ ድምፅ ሲፈለግ እኛ፤ ውሳኔ ሲሆን እናንተ! ይህ ከዛሬ ጀምሮ ማብቃት አለበት።

የክልሉ ቅርንጫፍም ከዚህ አያመልጥም። ባሕር ዳር ለመሄድ ከዚህ አዲስ አበባ ገብተን፣ አባይ በረሃን ወርደን ወጥተን ነው። አዲስ አበባ ግን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ዋናው ጽሕፈት ቤት እናንተን አልፎ በቀጥታ ያዘናል፤ እናንተም ዝም ትላላችሁ። ዝም አትበሉ፣ ተከራከሩልን።

የአባልነት መዋጮ ከፊሉ ወረዳው ላይ ይቅር። የሴቶች ክንፍም በጀት ይኑረው። ዝርዝሩ ሪፖርቱ ውስጥ አለ።

የዞናችን የውሳኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ በወረዳው አባላት በምስጢር ድምፅ ያልተመረጠ እጩ በፓርቲው ስም ለምርጫ ቦርድ አይቀርብም። ሰብሳቢው ከሻይ ዕረፍት በፊት ድምፅ እንዲያሰጡበት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።