ገባ ወይስ አልገባም?

ጠቅ።

ሰማችሁት? ቆይ ማይኩን ላስጠጋው። ጠቅ። አሁንስ?

ይሄ ድምፅ የመጣው የአሻንጉሊት ባቡሬ ሐዲድ ከተዘረጋበት ኮምፔንሳቶ ነው፣ ከእኔ ሁለት ሜትር ገደማ ርቆ። ከወንበሬ አልተነሳሁም፣ ቁልፍ ብቻ ነው የተጫንኩት። ለዚህች ጠቅታ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። አትሳቁ።

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና ማይኬ ብቻ ነን። ያለሁት ስታዲየም ጀርባ ቤታችን ነው። የታክሲ ጥሩምባና የረዳት ጩኸት ከገባባችሁ ይቅርታ፣ መስኮቱን ብዘጋው በሙቀት ማለቄ ነው። ያ ዱም ዱም የሚለው ደግሞ እማዬ ናት፣ ጓዳ ቡና እየወቀጠች።

ስለ ባቡሬ ከዚህ በፊት በጨረፍታ አንስቼላችሁ ነበር። የሳሎናችንን አንድ ጥግ ይዞ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ላይ ነው የተሠራው፤ 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22። እማዬ «የልጅ ሥራ» ትለዋለች፣ አልከራከራትም። መጠኑ ኤች-ኦ የሚባለው ነው፣ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ 1435 ሚሊሜትርን ለ87 አካፍሉት፣ እዚያው ይወስዳችኋል። 1435 ደግሞ እዚህ ደጃችን የሚያልፈው የቀላል ባቡር ሐዲድ ስፋት ነው።

የድሮው የጅቡቲ ባቡር ግን ጠባብ ነበር፣ አንድ ሜትር ብቻ። እሱን በዚሁ መጠን አሳንሶ መሥራት የፈለገ ሰው 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይገዛል። እኔም ልገዛ ብዬ ዋጋውን አየሁና ስልኬን አስቀመጥኩ። ስለዚህ እኔ ቤት ያለችው ለገሃር፣ ከካርቶን ቆርጬ የሠራኋት፣ ፊቷ የተዘረጋው ሐዲድ ስፋቱ ስህተት ነው። የምድር ባቡር ልጆች የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ አውቄ ነው፣ ማሩኝ።

ሰባት የሐዲድ መቀየሪያ አለኝ። መቀየሪያ ማለት ባቡሩ በዚህ ይሂድ በዚያ የሚለውን የሚወስነው ቁራጭ ነው። ሁለት ቀጫጭን ተንቀሳቃሽ ብረቶች አሉት። እኔ ምላስ እላቸዋለሁ፣ ፈረንሳዮቹ መርፌ ይሏቸዋል። አንደኛው ምላስ ከዳሩ ሐዲድ ጋር ጥብቅ ብሎ ሲገጥም ጎማው ሳይታወቀው ይታጠፋል። ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ከቀረ ግን የጎማው ጠርዝ እዚያች ክፍተት ውስጥ ይሰነቀርና ጉዞው እዚያው ያበቃል።

ከሰባቱ ሦስቱ ግድግዳ ሥር ናቸው። እነሱን በእጄ ለመቀየር ጠረጴዛው ላይ በሆዴ መተኛት ነበረብኝ። አንድ ማታ እንደዚያ ተዘርግቼ በክርኔ የለገሃርን ጣራ ጠረግኩት። በቃ፣ ከርቀት መሆን አለበት አልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሞተሮች የአክስቴ ልጅ ከጀርመን በሻንጣዋ አመጣችልኝ። ሞተር ይባላሉ እንጂ የሚሽከረከር ነገር የላቸውም። ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች ናቸው፣ መካከላቸው የሚመላለስ ብረት አለ። አንዱን ጥቅል ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ስትሰጡት ብረቱን ይስብና ምላሱን ጧ! ያደርገዋል፣ ሌላኛው ይመልሰዋል። ለቅጽበት ነው ያልኩት። ከመርካቶ የገዛሁት ቁልፍ ግን አንድ ቀን ተጭኖ ቀረ። እኔ ጣቴን አንስቻለሁ፣ ቁልፉ አልተነሳም። እማዬ ከጓዳ «ምንድን ነው የሚቃጠለው?» አለች። እኔም «ምንም» አልኩ። ሽታው ሁለት ቀን ከመጋረጃው አልወጣም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። መካከል ላይ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ታስገባላችሁ፤ የያዘውን በአንዴ ያራግፍና ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ቁልፉ ዓመት ተጭኖ ቢቀር ጥቅሉ አይነድም። ሠራሁት፣ ይሠራልም። ያ ዱላ ግን አልተመቸኝም። እውነተኛ ምላስ እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ማንም በጥፊ አይመታውም።

ስለዚህ ሰርቮ። ዘጠኝ ግራም የምትመዝን ሰማያዊ ሳጥን ናት፣ ክንድ ያላት ትንሽ ሞተር፤ የሮቦት ተማሪዎች ያውቋታል። ሦስት ሽቦ አላት፦ ቡናማው ግራውንድ፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ብርቱካናማው ትዕዛዝ። በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ምት ይደርሳታል፣ የምቱ ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሚሊሰከንድ ነው፣ ክንዷ የት እንደምትቆም የምታውቀው ከዚያ ርዝመት ነው። ምቱን በጥቂት በጥቂቱ ካረዘማችሁላት እንደ ሽማግሌ ረጋ ብላ ትዞራለች። ወደድኳት። ከዚያ መከራዬ ጀመረ።

ሰባቱንም ትዕዛዙን ከምትልክላቸው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ከአርዱይኖው፣ 5 ቮልት ቀለብኳቸው። ሁለቱ ሲንቀሳቀሱ ሰላም ነው፣ ሦስተኛዋ ስትነሳ ሰሌዳው ራሱን ይስትና ከዜሮ ይጀምራል። ሌላ ፓወር ሰፕላይ ገዛሁላቸው። ባሰባቸው! ብርድ እንደመታው ሰው ሁሉም ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሦስት ማታ ኮዱን ሳገላብጥ ከረምኩ። ጥፋቱ አንድ ሽቦ ነበር፤ የአዲሱን ፓወር ሰፕላይ ግራውንድ ከአርዱይኖው ግራውንድ ጋር አላገናኘሁትም። ሁለቱ ዜሮ ብለው የሚጠሩት ነገር አንድ ካልሆነ ምልክቱን በምን ይለኩት?

ደግሞ የጊታር ክሩ አለ። ሰርቮዋ ከታች ናት፣ ምላሱ ከላይ፤ የሚያገናኛቸው በኮምፔንሳቶው ቀዳዳ የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ ነው። ለዚህ የሚመከረው 0.8 ሚሊሜትር የሞላ፣ ማለት የስፕሪንግ፣ ብረት ነው። እኔ ቤት የነበረው የጊታር ክር ስለሆነ እሱን አደረግኩ። ክንዷ ትሄዳለች፣ ክሩ ይጎብጣል፣ ምላሱ መንገድ ላይ ይቀራል። ስታዩት የደረሰ ይመስላል። ጥፍራችሁን ብታስገቡ ይገባል።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ። አንድ ምሽት ባቡሩ እየዞረ መብራት ሄደ። ምን አዲስ ነገር አለ፣ ሻማ አበራን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። ሰርቮ ኤሌክትሪክ ድንገት ስታገኝ፣ ትዕዛዙ ሳይደርሳት አንዴ ትዘላለች፣ ጠባይዋ ነው። ሰባቱም አብረው ዘለሉ። የባቡሩን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ደግሞ ዜሮ ላይ አልመለስኩትም ነበር። ሎኮሞቲቩ ከቆመበት ተነስቶ፣ ሦስት ቁጥር ላይ ምላሱ መሃል ቆሞ ጠበቀው፣ ከዚያ በጠርዙ በኩል… ወለላችን ሴራሚክ ነው። የፊት ማያያዣው ተሰብሮ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ይሄንንም አስተካከልኩት። አሁን ሰሌዳው የእያንዳንዷን የመጨረሻ ቦታ መብራት ቢሄድም በማይጠፋው ማስታወሻው ይይዛል። መጀመሪያ ምቱን ይጀምራል፣ ከዚያ በሪሌይ፣ በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ፣ ለሰርቮዎቹ ኤሌክትሪክ ይለቅላቸዋል፣ አንድ በአንድ ተራ አስይዞ ያንቀሳቅሳቸዋል። እና ኮራሁ። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ሠራሁ፣ በየቁልፉ ላይ ሁለት ትንንሽ አምፖል፤ አረንጓዴ ቀጥታ፣ ቢጫ መታጠፊያ። ለእንግዳ ሁሉ አሳየሁ። እማዬም አንዴ መጥታ «ያምራል» አለች፣ ስሙልኝ።

ከዚያ እንቁጣጣሽ መጣ።

ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፣ የእህቴ ልጅ መጥቷል፣ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እኛ ማሙሽ ነው የምንለው። ባቡሩን አስነሳሁ። አምስት ቁጥር ላይ ወደቀ። አነሳሁት፣ እንደገና እዚያው ወደቀ። አምፖሏ አረንጓዴ ናት። ቁልፉን መለስኩ፣ ቢጫ፤ ደገምኩ፣ አረንጓዴ። ስለዚህ መቀየሪያው ደህና ነው ብዬ መልቲሜትሬን አውጥቼ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። የበዓል ልብስ ለብሼ! ቮልቱን ለካሁ፣ ልክ ነው። የጎማዎቹን ስፋት ለካሁ፣ ልክ ነው። ዶሮ ወጡ ቀርቧል፣ እየተጠራሁ ነው። ማሙሽ ጉንጩን ኮምፔንሳቶው ላይ አስተኝቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሐዲዱ ልክ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ ሳር አለ» አለኝ።

ሳር ማለቱ ቄጠማ ነው። እንደ ክር የቀጠነች ሰንጣቂ፣ በምላሱና በዳሩ ሐዲድ መካከል ተኝታ። በወረንጦ ሳወጣት ገና እርጥብ ነበረች።

ያን ቀን ወጡን እየበላሁ ሐሳቤ እዚያው ነበር። አረንጓዴዋ አምፖል ምን ነበር የምትነግረኝ? የተገናኘችው ከቁልፉ ጋር ነው። እኔ ያዘዝኩትን መልሳ ለእኔው ታበራልኛለች እንጂ ስለ ምላሱ የምታውቀው ነገር የላትም። እኔ ደግሞ እያየኋት አምኛታለሁ፤ ከእሷ በፊትም ያው ነበርኩ፣ የተቃጠለው ጥቅል፣ የጊታር ክሩ፣ መብራት የመጣ ለት፣ ሁሌም ቁልፉ ላይ ሆኜ ነው «ሆኗል» ያልኩት። ይሄ ደግሞ የባቡር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ጠባዬ ነው። እህቴ ስለ ውኃ ታንከሩ ስትጠይቀኝ «ለቧንቧ ሠራተኛው ደውያለሁ» እላታለሁ። «መጣ ወይ?» ትላለች። «ደውያለሁ አልኩሽ እኮ።» በዚህ ስንት ጊዜ እንደተጣላን።

የሚኒባስ ሾፌር በጠባብ ቦታ ወደኋላ ሲመጣ አይታችሁታል። መሪውን የያዘው እሱ ነው፣ ግን ጎማው ከቦዩ ስንት ጣት እንደቀረው አያውቅም። የሚያውቀው ከኋላ ቆሞ ቦዲውን እየደበደበ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» የሚለው ረዳቱ ነው። እኔ ሾፌር ሆኜ ያለ ረዳት ነበር የምነዳው። የዚያን ዕለት ከሰዓት ማሙሽን ግድግዳው ጥግ አቆምኩት። እኔ ቁልፍ እጫናለሁ፣ እሱ ይጮኻል። «ገባ!» «ገባ!» «አልገባም!» ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ፣ እማዬ ብቻ ናት ራሷን የያዘችው።

የእውነተኛው ባቡር ሥርዓትም እኮ ረዳት አለው። ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በየቀኑ ከታችኛው መንገድ ቀና ብዬ የማየው ቀላል ባቡር፣ ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ተጋርተው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ። መለያየት ካለ መቀየሪያ አለ። በዘመናዊ የባቡር ሥራ ከምላሱ ጋር የተያያዘ መመርመሪያ ይኖራል፤ ምላሱ ጥብቅ ብሎ መግጠሙን፣ ከዚያም መቆለፉን ካልመሰከረ ሲግናሉ አይከፈትም። ማዘዙ አንድ ነገር ነው፣ ምስክሩ ሌላ። እኔ ይሄን አነብ ነበር እኮ! አንብቤ ለትልቁ ባቡር ብቻ የሚሆን መስሎኝ አለፍኩት።

ማሙሽ ሁሌ አይመጣም፣ ስለዚህ ምትኩን ፍለጋ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። የተበላሹ የኮምፒውተር ማውሶች በኩምር ነበሩ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ገዛሁ። ማውስ ስትጫኑ ጠቅ የምትለው ነገር ማይክሮስዊች ናት፣ ብዙዎቹ ሦስት እግር አላቸው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ለአንድ መቀየሪያ ሁለት ሁለት አደረግኩ። አንዷ ለአምፖሏ። ሌላዋ ሁለቱ መስመሮች ለሚቋረጡበት ብረት፤ እንግሊዞች እንቁራሪት፣ ፈረንሳዮች ልብ የሚሉት። እሱ ብረት እንደ አቅጣጫው ከግራው ወይም ከቀኙ ሐዲድ ኤሌክትሪክ መውሰድ አለበት፣ ከተሳሳተ ሾርት ነው።

እዚህም ተሳሳትኩ፣ ሳልነግራችሁ አላልፍም። መጀመሪያ ማይክሮስዊቿን የሰርቮዋ ክንድ እንድትነካት አድርጌ ሰካኋት። ጠቅ ትላለች፣ አምፖሉ ይበራል። ከዚያ ሆን ብዬ ምላሱ ውስጥ ክብሪት እንጨት ሰነቀርኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ጠቅ፣ አረንጓዴ! ክንዷ ደርሳለች፣ ሽቦው ጎብጧል፣ ምላሱ ክብሪቱን ታቅፎ ቆሟል። ያው ውሸት፣ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቦ። ሁሉንም ነቅዬ ወደ ላይኛው ጫፍ አዛወርኳቸው፣ የምላሱ ማያያዣ እንጨት ራሱ እንዲገፋቸው። ለእያንዳንዷ አንድ ማታ ሄዷል፤ ጠልቃ ከተሰካች ምላሱን ትገፋዋለች፣ ከራቀች አትደርስም።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያሰማኋችሁ ጠቅታ የሞተሯ አይደለም። ሰርቮዋማ ድምፅዋ እንደ ዝንብ ነው፣ በማይክ አይገባም። ያ የማውስ ቁራጭ ነው፣ ምላሱ ነክቶት።

ቡናው ፈልቷል መሰለኝ፣ እየተጠራሁ ነው። ከመዝጋቴ በፊት ግን ሁሉንም አንዴ ልዙራቸው፣ ስሙ። አንድ… ጠቅ። ሁለት… ጠቅ። ሦስት… ጠቅ። አራት… ጠቅ። አምስት…

አምስት።

ማሙሽ! አምስትን እስኪ እያት፣ ገባች?

ለካ ትምህርት ቤት ነው። ቆዩኝ፣ ሄጄ ልያት።