«በዓለም የመጀመሪያው» ከማለታችን በፊት

የተከበራችሁ የሙዚቃና የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

የተቀዳ ድምፅ ከማጫወት ይልቅ የአውታርን ወይም የከበሮን ንዝረት በስሌት የሚያመነጭ ሲንተሳይዘር ሠርተን ለገበያ ስናቀርብ፣ ብዕራችን ቶሎ የሚሮጠው «በዓለም የመጀመሪያው» ወደሚለው ነው። በዚህ ሙያ ግን ይህን በእውነት ለማለት የሚበቃ ሰው እምብዛም የለም። ተመራማሪዎቹ ኬሊና ሎክባውም በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ የሰውን የድምፅ መተላለፊያ በቱቦ ቁርጥራጮች መስለው ኮምፒውተርን ያናገሩት በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ሂለርና ሩዪዝ የንዝረትን እኩልታ እየፈቱ የሙዚቃ ድምፅ ማውጣታቸውን በ1971 አሳትመዋል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በ1983 ኬቪን ካርፕለስና አሌክሳንደር ስትሮንግ «ኮምፒውተር ሚዩዚክ ጆርናል» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ዘዴ ለማመን የሚያስቸግር ቀላል ነው። 100 የዘፈቀደ ቁጥሮች ትደረድራላችሁ። ከፊት ያለውን አውጥታችሁ ታሰሙታላችሁ፤ ከተከታዩ ጋር አማካዩን ወስዳችሁ ደግሞ ከሰልፉ ጀርባ ትጨምራላችሁ። ይህ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ሲደጋገም፣ ሻካራው ጩኸት በጣት ተመትቶ እንደተለቀቀ አውታር ይሆናል። ሹል ሹሉ ድምፅ ቀድሞ ይከስማል፣ ወፍራሙ ይቆያል። ስትሮንግ አገኘው፤ ለምን እንደሚሠራ የተነተነው ካርፕለስ ነው።

እንከን ግን ነበረበት። አማካይ መውሰዱ ግማሽ እርምጃ ስለሚያዘገይ፣ 441 ኸርዝ (በሰከንድ 441 ንዝረት) ስትጠብቁ 439 ገደማ ይወጣል፤ ድምፁ እየቀጠነ በሄደ መጠን ቅኝቱ ይብሱን ይፋለሳል። ለዚህ መላ ያበጁለት ዴቪድ ጃፍና ጁሊየስ ስሚዝ ናቸው፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው መጽሔት። የስሚዝ ሥራ ቀጥሎ በ1994 ያማሃ ባወጣው ቪኤል1 በተባለ ሲንተሳይዘር ውስጥ ገባ። እንግዲህ ዛሬ አንዳችን የክራር ፕለጊን (በሙዚቃ ሶፍትዌር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ሠርተን ቅኝቱ ልክ ሲመጣ፣ ልክ ያመጡት እነማን እንደሆኑ ማወቅ ይቻላል።

«ፓተንቱ ጊዜው አልፏል፣ ማን ይከሰናል?» የሚል አይጠፋም። ማንም አይከሰውም፤ ዘዴውን መጠቀምም መብቱ ነው። እኔ የምቃወመው «ፈለሰፍነው» የሚለውን ነው። «የሌላ ስም ከጠራን ገዢው ወደዚያ ይሄዳል» የሚለው ስጋት ደግሞ ያስቀኛል። ወዴት ይሄዳል? ጥናታዊ ጽሑፍ እንደ ኪቦርድ አይጫወቱበት!

በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ። እነዚህ ተመራማሪዎች የሠሩበት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳያውቃቸው «የስታንፎርድ ቴክኖሎጂ» ብለው በትልቁ ይጽፋሉ። ይህ ምስጋና ሳይሆን በሰው ስም መነገድ ነው። «ለተመራማሪዎች ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው» የሚለውም ለእኔ ከዝምታ አይሻልም፤ ማን ምን እንደሠራ አይነግረንምና።

በገና እንሥራ እንበል። የበገና ዝዝታ የሚመጣው በአውታሩና በሚያርፍበት በርኩማ መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዝራዋ ነው። ያንን ንክኪ በስሌት መያዝ ከባድ ሥራ ነው፤ ከተሳካልን ልንኮራበት ይገባል። በሽያጭ ገጹ ላይ እንዲህ ብንጽፍ ደስ ይለኛል፦ «የአውታሩ መሠረት የካርፕለስና የስትሮንግ ዘዴ ነው፤ ቅኝቱ በጃፍና በስሚዝ ማሻሻያ ተስተካክሏል። የእንዝራውን ንክኪ ያሰላነው እኛ ነን።» ከሥሩም ቤታችን ድረስ መጥተው አሥሩንም አውታር እየደረደሩ «ይሄ አልሆነም፣ ድገሙት» ያሉን ደርዳሪ፣ ከነሙሉ ስማቸው።

አመሰግናለሁ።