የ«ጸጥ ያለ ሌሊት» ሁለት ባለቤቶች

[ምስል፦ በእጅ የተጻፈ አሮጌ የኖታ ወረቀት]

ይህን ወረቀት ልብ ብላችሁ እዩት። ከላይ በቀኝ በኩል አንዲት መስመር አለች። «ዜማ በፍራንዝ ክሳቨር ግሩበር» ትላለች። ከታች በግራ ደግሞ «ግጥም በዮዜፍ ሞር፣ ረዳት ካህን፣ 1816» የሚል አለ። ሁለቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው። የገጣሚው፣ የሞር እጅ።

ወረቀቱ የተገኘው በ1995 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምነግራችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መዝሙሩን ታውቁታላችሁ። «ጸጥ ያለ ሌሊት፣ ቅዱስ ሌሊት»። በጀርመንኛ «ሽቲለ ናኽት» ይባላል። ገና በመጣ ቁጥር በብዙ ቋንቋ ይዘመራል። የሁለቱ ሰዎች ስም ግን ለረጅም ጊዜ ከመዝሙሩ ጋር አልተጓዘም።

በሞር እንጀምር። በ1792 ኦስትሪያ፣ ሳልዝቡርግ ከተማ ተወለደ። እናቱ ሹራብ እየሠራች የምታድር ድሃ ነበረች። አባቱ ወታደር ነው፤ ጥሏቸው ጠፋ። የካቴድራሉ የመዘምራን መሪ የልጁን ተሰጥኦ አይቶ አስጠጋው፣ አስተማረው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሰው ያኔ ካህን ለመሆን ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ሞር ፈቃዱን አግኝቶ ካህን ሆነ። በ1816 ማሪያፋር በምትባል የተራራ መንደር ሲያገለግል ግጥሙን ጻፈ።

ዓመቱን አስቡት። የናፖሊዮን ጦርነት ካበቃ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያ ላይ በ1815 ኢንዶኔዢያ ውስጥ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ስለነበር የአውሮፓ በጋ እንደ ክረምት ቀዘቀዘ። አዝመራው ጠፋ፣ ረሃብ ገባ። «ሁሉ ጸጥ ብሏል» የሚለው ግጥም የተጻፈው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ መዝሙሩን እንደ ድሮው ቀለል አድርጌ መስማት አልቻልኩም።

[ምስል፦ የኦበርንዶርፍ ከተማ፣ የሳልዛኽ ወንዝ]

ሞር በ1817 ወደ ኦበርንዶርፍ ተዛወረ። እዚያ ግሩበርን አገኘ። ግሩበር የሸማኔ ልጅ ነው፤ አባቱም የሚፈልገው እሱም ሸማኔ እንዲሆን ነበር። እሱ ግን ሙዚቃን መረጠ። በአጠገቡ ባለችው በአርንስዶርፍ መምህር ሆኖ፣ በኦበርንዶርፍ ቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወት ነበር።

ታኅሣሥ 24 ቀን 1818፣ የገና ዋዜማ። ሞር ሁለት ዓመት የቆየውን ግጥም ለግሩበር ሰጠው። ለሁለት ድምፅና ለመዘምራን የሚሆን፣ በጊታር የሚታጀብ ዜማ ሥራልኝ አለው። ግሩበር በዚያው ቀን ጨርሶ አመጣለት። ማታውኑ ዘመሩት። ሞር ቀጭኑን ድምፅ ይዞ ጊታሩን መታ፣ ግሩበር ወፍራሙን ድምፅ ያዘ።

እስቲ ቃሉን ተዉትና ዜማውን ብቻ በአፋችሁ እም እያላችሁ ሞክሩት። ዛሬ በምንዘምረው አጀማመሩ ሶል፣ ላ፣ ሶል፣ ሚ ነው። ከዚያ ያንኑ ይደግማል። ወደ ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ እንደ እሹሩሩ ወዲህ ወዲያ ይላል። ግጥሙ ሕፃኑን ተኛ ይላል፣ ዜማው ያስተኛዋል። አንድ መምህር ይህን በአንድ ቀን ማውጣቱ ይገርመኛል።

ኦርጋኑን አይጥ በልቶት ስለተበላሸ ነው በጊታር የተዘመረው የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ነገር ግን ግሩበር ራሱ የዚያን ቀን ነገር ሲጽፍ የተበላሸ ኦርጋን የሚል ቃል አላነሣም። እኔ በቦታው የነበረውን ሰው ነው የማምነው።

ከዚያ መዝሙሩ ከመንደሩ ወጣ። ካርል ማውራኸር የሚባል ኦርጋን ሠሪ ወደ ትውልድ ቦታው፣ በኦስትሪያ ቲሮል ክልል ወዳለው ሲለርታል ሸለቆ ወሰደው። የሸለቆው ሰዎች ዘፋኝም ነጋዴም ነበሩ። ጓንት የሚነግዱት የሽትራሰር ቤተሰብ ሸቀጣቸውን ይዘው ላይፕሲግ ሲሄዱ ዘመሩት። ራይነር የተባሉት ዘማሪዎች ደግሞ በ1839 ኒው ዮርክ አደረሱት። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ድሬስደን ላይ ሲታተም «እውነተኛ የቲሮል ዘፈን» ተብሎ ነው። የገጣሚ ስም የለም። የዜማ ደራሲ ስም የለም። አንዳንዱም የታዋቂው የዜማ ደራሲ የሚካኤል ሃይደን ሥራ ነው ይል ጀመር።

በ1854 ከበርሊን ንጉሣዊ የሙዚቃ ቡድን ጥያቄ መጣ። የዚህ መዝሙር የሃይደን የእጅ ጽሑፍ አላችሁ ወይ የሚል ነበር። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ግሩበር ጋ ደረሰ። ያኔ ሞር ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። በ1848 ቫግራይን በምትባል መንደር፣ ምንም ሀብት ሳይተው ነው የሞተው። ግሩበር ግጥሙም ዜማውም የኔ ነው ቢል ማን ይከራከረው ነበር? እሱ ግን ቁጭ ብሎ ቀኑንና ቦታውን ጻፈ። ግጥሙን የሰጠኝ ረዳት ካህኑ ዮዜፍ ሞር ነው አለ።

ያኔ የሞር ወረቀት ገና አልተገኘም ነበር። አንዱ የሌላውን ስም፣ እያንዳንዱ በየፊናው ጽፎታል። እኛ መዝሙር ስክሪን ላይ ስናወጣ የደራሲውን ስም ለማስገባት አንዲት መስመር እንሰስታለን።

[ምስል፦ የመዝሙሩ ስድስት አንቀጾች፣ አራተኛው ደመቅ ብሎ]

የሞር ግጥም ስድስት አንቀጽ አለው። ብዙ ጊዜ የሚዘመሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ከሚቀሩት መሀል አራተኛው ኢየሱስ የዓለምን ሕዝቦች እንደ ወንድም አቀፈ ይላል። ከጦርነት ማግስት የተጻፈ ነውና ያለ ምክንያት አልገባም። ኳየር የምትመሩ ካላችሁ ለመጪው ገና ይህንን አንቀጽ ጨምሩት። ዜማው ያው ነው፤ ልምምድ አያበዛባችሁም።