እእ ሳልል

ሄሎ... ይሰማል? እሺ።

ዛሬም ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀዳው። የጎረቤታችን ዶሮም ቦታው ላይ ነው፤ ሰላም ብሏችኋል። ሁለት ሳምንት የጠፋሁት እትዬን ቀብረን ነው። የደወላችሁም የጻፋችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ እንኳን ስለ መድረክ ፍርሃት ላወራ ነበር። "እንዴት ለቀቀሽ?" ብላችሁ ስንቴ ጠይቃችሁኛል። ማስታወሻ ሁሉ ጽፌ ነበር። ግን በየት በኩል ብጀምር ቀብሩ ላይ ነው የምደርሰው። እና... እሺ፣ ከዚያው ልጀምር።

የህይወት ታሪኳን ያነበብኩት እኔ ነኝ።

እኛ ቤት ሁሌ የሚያነበው ጋሼ ነበር። ያን ቀን ሲያለቅስ አድሮ ድምፁ ተዘግቷል። ሳጥኑ አጠገብ ቆመን ወረቀቱን እጄ ላይ አደረገና "አንቺ አንብቢው፣ ሥራሽ አይደል?" አለኝ። ሥራዬ! ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻዬን ማውራት።

የድሮዋ እኔ ብትሆን እዚያው ትወድቅ ነበር። 1988ን ታውቃላችሁ። አዎ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የካቲት 23። ሰልፍ ላይ 1888 የሚለውን 1988 ብዬ አንብቤ የአድዋን ድል መቶ ዓመት ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ በየሳምንቱ ስለምታስታውሱኝ አመሰግናለሁ። ያኔ ወረቀቱ እጄ ላይ ሲርገበገብ ድምፁ በማይኩ ይሰማ ነበር። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። በኋላ ነው አድሬናሊን የሚባል ነገር እንደሆነ ያነበብኩት። ሰውነት "ልሩጥ ወይስ ልታገል?" ሲል ምራቁን ይቀንሳል፣ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሰልፍ ላይ ከማን ጋር እንደምታገል እንጃ። ከዩኒት ሊደሩ ጋር መሰለኝ።

ከዚያ ቶስትማስተርስ የሚባል የንግግር መለማመጃ ክበብ ገባሁ። እዚያ "እእ" ቆጣሪ አለ፤ እየቀለድኩ አይደለም። ስትናገሩ ቁጭ ብሎ "እእ"፣ "ማለቴ"፣ "ምናምን" ያላችሁትን ይቆጥራል፤ መጨረሻ ላይ ተነስቶ ለሁሉም ያነበዋል። የመጀመሪያ ቀኔ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ 19። ከዚያ ቀስ በቀስ ያዝኩት። ወረቀቱን ጠንካራ ነገር ላይ ማስደገፍ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በቃል መያዝ። ትንፋሽ ሲወጣ ረዘም ማድረግ። ከባድ ቦታ ላይ ቀና ብሎ ሁለት መቁጠር። ይሠራል። በጣም ይሠራል... ነገሩም እሱ ነው።

ወረቀቱን የእድሩ መዝገብ ላይ አስደገፍኩ። ጀመርኩ። "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት..." አካሄዱን ታውቁታላችሁ። "እድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢያቸው በሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው..."

ውሸት ነው። እትዬ እድሜዋ ለትምህርት ሲደርስ ከብት ትጠብቅ ነበር። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ 1971 ላይ ከተጀመረ በኋላ፣ ልጅ አዝላ ነው። "እኔ ሀሁ ስል እሱ ጀርባዬ ላይ ይሸናል" እያለች ስንቴ አስቃናለች። የጻፈው የአጎቴ ልጅ ከሌላ ሰው ታሪክ ላይ ገልብጦ ይሆናል። አልፈርድበትም፤ በለቅሶ ሌሊት ነው የጻፈው።

እኔ ግን አውቃለሁ። ዓይኔ መስመሩ ላይ እንዳረፈ አውቄያለሁ። አነበብኩት። አሳምሬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "ለቤተሰቡ እናትም አባትም ነበሩ" የሚለው ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። አንድ። ሁለት። ሴቶቹ እሪ አሉ። እና ውስጤ የሆነ ነገር "ያዝሻቸው!" አለኝ። በእትዬ ሳጥን ፊት!

ስንወጣ አንድ ሰውዬ ተጠጋኝ። "ነፍስ ይማር" አለ። ቀጠለና "መድረክ ትመሪያለሽ እንዴ? ሚያዝያ ላይ ሰርግ ነበረን" አለኝ። እና ስልኬን ሰጠሁት። ለምን ሰጠሁት? በእግዚአብሔር፣ ሰው ከቀብር ሲመለስ...

ድንኳን ውስጥ እናቴ ንፍሮ እያዘገነችኝ "አነባበብሽ ያምራል" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ሳታየኝ፣ "የቱ ትምህርት ቤት ነው ግን የገባችው?"

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ብፈራ ኖሮ፣ ብንተባተብ፣ እዚያ መስመር ላይ እቆም ነበር? "ቆይ፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ እትዬ እንዲህ ነው የተማረችው" ብዬ የሽንቱን ነገር እናገር ነበር? ሰው ይስቅ ነበር፤ እሷ ደስ ይላት ነበር... ላልናገርም እችላለሁ። 1988ንም እኮ ሳላርመው ነው የወረድኩት። ስለዚህ ፍርሃቱም ቢሆን... ተዉት፣ አላውቅም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ስቆጥር ነበር። ልማድ ሆኖብኝ። አንድም "እእ" የለም።

ይሄ ጋቢ የእሷ ፈትል ነው፣ ነግሬያችኋለሁ አይደል? ሰውየው ደግሞ ትናንት ደወለ። አላነሳሁም። ዛሬ ጠዋትም... እእ... ቆይ፣ ይሄ ዶሮ።