መጀመሪያ እጅ የሚነካውን

እንደምን አረፈዳችሁ።

የሕንፃ አስተዳዳሪዎች፣ የጽዳት አስተባባሪዎች፣ በተለይ ደግሞ የጠዋት ፈረቃችሁን ለባልደረባ አስረክባችሁ የመጣችሁ የጽዳት ሠራተኞች፣ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ከዋናው በር ተነስታችሁ እዚህ አዳራሽ እስክትደርሱ ምን ምን ነካችሁ? የበር እጀታ፣ የሊፍት ቁልፍ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ስትገቡ የፈረማችሁበት እስክሪብቶ። ከእናንተ በፊት ማን እንደነካው አታውቁም። ከነካችሁ በኋላስ እጃችሁ የት ሄደ? አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች 26 የሕክምና ተማሪዎችን በቪዲዮ ቀርጸው ነበር። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንድ ተማሪ በአማካይ በሰዓት 23 ጊዜ ፊቱን ይነካል። ከመቶው ንክኪ 44ቱ ያረፈው አፍ፣ አፍንጫ ወይም ዓይን ላይ ነው።

እነዚህ ሕክምና የሚማሩ ልጆች ናቸው። ስለ ተህዋስያን ከብዙዎቻችን በላይ ያውቃሉ። እጅ ግን ሳናዘው ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰዉን "ፊትህን አትንካ" እያሉ መምከር ብቻውን አያዋጣም። እጁ የሚያርፍበትን ማጽዳት የእኛ ሥራ ነው።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት መወልወያ ይዤ ነው። ያኔ የምሠራበት ሕንፃ የመግቢያው ወለል እንደ መስታወት ፊት ያሳይ ነበር። አለቃችን ጠዋት ሲገባ ወለሉን ያያል፤ ቀጥሎ መስኮቱን ያያል። እኛም እሱ የሚያየውን እናጸዳለን። የሊፍቱን ቁልፍ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ጣት ሲጫነው ይውላል፤ ጨርቅ የሚያገኘው በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው። ወለሉን በእጁ የሚነካ ሰው ደግሞ የለም።

ጽዳታችን የሚከተለው ዓይንን ነው። ዛሬ ልለምናችሁ የመጣሁት እጅን እንድንከተል ነው።

የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ቻርልስ ገርባና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ ሙከራ ይፋ አድርገዋል። ሰው የማያሳምም ቫይረስ ወስደው ሕንፃ ውስጥ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አስቀመጡ፤ የበር እጀታ ወይም ጠረጴዛ ላይ። በተቀመጠ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሳይሞላው ቫይረሱ ከሠራተኞቹና ሰው ከሚያዘወትራቸው ዕቃዎች ከ40 እስከ 60 በመቶው ላይ ተገኘ። እስቲ አስቡት። ጠዋት አንድ እጀታ ላይ የነበረው ነገር ከምሳ በፊት ግማሹን ቢሮ አዳረሰ። ሠራተኞቹ እጃቸውን እንዲታጠቡና ፀረ ተህዋስያን ባለው መጥረጊያ ጨርቅ እንዲያጸዱ ሲደረግ ደግሞ ስርጭቱ በ80 በመቶና ከዚያ በላይ ቀነሰ።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳላጋንን ልናገር። በኮቪድ ጊዜ ስለ ዕቃ ማጽዳት ያየነው ሁሉ ልክ አልነበረም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ የተበከለ ነገር በመንካት ኮቪድ የመያዝ ዕድል በአብዛኛው ከ10,000 ንክኪ ከ1 ያነሰ ነው። ኮቪድ በዋናነት የሚተላለፈው በአየር ነው። መስኮት መክፈትንና አየር ማናፈስን ጨርቅ አይተካውም። ኖሮቫይረስ ግን ሌላ ነው። እሱ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ የሆድ በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ ነው። ለመያዝ በጣም ጥቂት ቅንጣት ይበቃል። ደረቅ ነገር ላይ ለቀናት ይቆያል። ብዙዎቻችን የምንተማመንበት አልኮል ደግሞ እንደ ልብ አይገድለውም። ለእሱ በረኪና ያስፈልጋል።

አስተባባሪ ከሆንኩ በኋላ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዲት እህታችን የመጸዳጃ ቤቱን ቧንቧ መክፈቻ ጠርጋ ወጣች። ቀጥላ ወደ ሠራተኞች ምግብ መብያ ክፍል ገባች። በዚያው ጨርቅ የፍሪጁን እጀታ ጠረገች። ልቆጣ ስል ጋሪዋን አየሁ። ሌላ ጨርቅ የለም። ለዕለቱ የሰጠኋት አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቁን በቀለም ለየነው። ቀዩ ከመጸዳጃ ቤት አይወጣም። ሌሎቹ ቀለሞች እዚያ አይገቡም። አንዱን ጨርቅ ሁለት ጊዜ ካጠፋችሁት 8 ንጹሕ ገጽ ይወጣዋል። አንዱ ገጽ ሲቆሽሽ ገልበጥ ማድረግ ነው። መንገዱም ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው ይሁን።

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንስተው ነገር ልምጣ። ማጽዳትና ተህዋስያን መግደል አንድ አይደሉም። ሳሙናና ውሃ ቆሻሻውን ያነሳል። ከተህዋስያኑም ብዙውን ይዞ ይሄዳል። በረኪና የቀረውን ይገድላል፤ ግን ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ጉልበቱን ቆሻሻው ይጨርስበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሳሙና፣ ከዚያ በረኪና። ሌላው ደግሞ ጊዜ ነው። ረጭ አድርጎ ወዲያው ማድረቅ መዓዛ ይሰጣል እንጂ ሥራ አይሠራም። ፀረ ተህዋስያኑ ቦታውን አርጥቦ መቆየት አለበት። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። አንዳንዱ 1 ደቂቃ ይላል፣ አንዳንዱ 10።

የበረኪናው መጠን በግምት አይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ከሕክምና ተቋም ውጭ ላሉ ቦታዎች የሚመክረው 0.1 በመቶ ነው። ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና ላይ ውሃ ጨምሮ 1 ሊትር መሙላት ነው። ሰው ያስመለሰበት ቦታ ከዚህ ጠንከር ያለ ይፈልጋል። ውህዱ ሲያድር ይደክማል፤ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። ብረት ስለሚበላ በኋላ በውሃ ጥረጉት። ኪቦርድና የካርድ ማሽን ላይ በቀጥታ አትርጩ፤ እዚያ የሚሻለው በአልኮል የራሰ ጨርቅ ነው። አንድ ነገር ግን እባካችሁ፣ እባካችሁ፦ በረኪናን ከአሲድ የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር ወይም አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሰው ይገድላል።

አስተዳዳሪዎች፣ አሁን የምናገረው ለእናንተ ነው። 10 ደቂቃ እርጥብ ይቆይ የሚል ምርት ገዝታችሁ፣ ለአንድ ፎቅ 15 ደቂቃ ብቻ ከሰጣችሁ፣ ሠራተኛዋ በጠርሙሱ ትዕዛዝ ልትሠራ አትችልም። ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ጊዜ ስለሌላት ነው። ወይ ጊዜውን ጨምሩላት፣ ወይ ቶሎ የሚሠራ ምርት ግዙላት። እኛ ጋር የረዳን ቀላል ዘዴ አለ። መጀመሪያ እጀታዎቹን፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን፣ የሊፍት ቁልፎቹን በራሰ ጨርቅ ማርጠብ። እነሱ እስኪቆዩ ቅርጫት መድፋት። ከዚያ ተመልሶ ማድረቅ። ደቂቃው በከንቱ አይባክንም።

ሰዓቱንም አስቡበት። ብዙ ሕንፃ የሚጸዳው ማታ ሰው ከወጣ በኋላ ነው። እጅ ግን የሚሠራው ቀን ነው። ማታ የጸዳ እጀታ ረፋድ ላይ ሺህ ጊዜ ተነክቶ ይሆናል። አንድ አጭር ዙር ከምሳ በፊት ጨምሩ፤ ለእጀታ፣ ለቁልፍና ለቧንቧ ብቻ። ወለሉ እስከ ማታ ይጠብቅ። ንክኪውን መቀነስም ይቻላል። በሥራ ሰዓት ክፍት ሊሆን የሚችል በር ክፍት ይሁን። የእሳት መከላከያ በር ግን በፍጹም ተደግፎ ክፍት አይቀመጥ።

ሥራው መሠራቱን ደግሞ በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም። ንጹሕ የሚመስል እጀታ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። በተራ ብርሃን የማይታይ፣ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ግን የሚያበራ ምልክት ማድረጊያ ቀለም አለ። ከጽዳት በፊት ነጠብ ታደርጉታላችሁ። ከጽዳት በኋላ ባትሪውን ታበሩበታላችሁ። ምልክቱ ካለ ጨርቅ አልደረሰበትም። ይህን ሰው ለመቅጣት አትጠቀሙበት፤ ቅጣት ከገባ ነገሩ ይበላሻል። ሠራተኞቹ ራሳቸው ባትሪውን ይያዙ። እኛ ጋር የትኛው ቦታ ሁሌ እንደሚዘለል ያገኙት እነሱ ናቸው። የበሩ ጠርዝ ነበር፤ ሰው እጀታውን ትቶ የሚገፋበት ቦታ።

ቢሮ ስትመለሱ የጽዳት ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ወለሉ በካሬ ሜትር ተለክቶ ታገኙታላችሁ። የበር እጀታው ስንት እንደሆነ የተጻፈ መስመር አለው? ከሌለው፣ ነገ ጠዋት ከጽዳት ሠራተኛችሁ ጋር ሕንፃውን ዙሩ። እጅ የሚያርፍበትን ሁሉ አብራችሁ ቁጠሩ። ወረቀቱን እሷ ትያዝ፤ ቦታዎቹን የምታውቃቸው እሷ ናት።

አመሰግናለሁ።