ሰባት ቁልፍ ያለው የልጅ ጫማ

ስለ ድሮ የልጆች ጫማ ለደወላችሁልን አድማጮች የቆዳ ባለሙያችን የሰጡት መልስ እነሆ።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የልጅ ቦት ጫማ ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ1905 አካባቢ የተሠራ ነው ተብያለሁ። በጎኑ ሰባት ጥቁር ቁልፎች አሉት። አብሮ የተሰጠኝ እጀታ ያለው ቀጭን የብረት መንጠቆ ግን ምን ያደርጋል?

መልስ፦ እሱ ከሌለማ ጫማውን መዝጋት ጭንቅ ነው፣ እህቴ። ክቧን ቁልፍ በዚያ ጠባብ ቀዳዳ በጣት ላሳልፍ ቢሉ ጥፍርዎ ይሰበራል። መንጠቆውን በቀዳዳው አስገብተው ቁልፏን ከሥሯ ይዘው ሲስቡ ብቅ ትላለች። ሰባቱን በአንዱ እግር፣ ሰባቱን በሌላው፤ ያውም የሚንፈራገጥ ልጅ ይዞ! ቁልፎቹ በውጭ ጎን የተደረጉት ልጁ ሲራመድ እርስ በርስ እንዳይጠላለፉ ነው። ባቱ ወፈር ላለ ልጅ ቁልፎቹን ነቅሎ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ መስፋትም የተለመደ ነበር። ከቁልፎቹ አጠገብ የቆየ የመርፌ ቀዳዳ ካዩ የዚያ ምልክት ይሆናል። ከቁርጭምጭሚት በላይ የረዘመው ደግሞ የልጅ እግር ካልተደገፈ ይወላገዳል ተብሎ ያን ጊዜ ይታመን ስለነበር ነው። ጤነኛ እግር ግን ያን ያህል ድጋፍ አያስፈልገውም።

ጥያቄ (ጫማ ሰሪ፣ ከመርካቶ)፦ ያን ጊዜ ሁሉም በእጅ ነበር የሚሠራው?

መልስ፦ የለም፤ አሜሪካ ውስጥ ጫማ የፋብሪካ ሥራ ከሆነ ቆይቶ ነበር። ቆዳውን ፎርማ (የእግር ቅርጽ ያለው ማውጫ) ላይ ወጥሮ አፍንጫው እንዳይጨማደድ አድርጎ መያዝ ምን ያህል እንደሚያደክም እርስዎ ያውቁታል። የስፌት መኪና ቀድሞ ቢገባም ይህን ሥራ የሚደፍር ማሽን አልነበረም፤ የተዋጣለት ባለሙያ በቀን ከ50 ጥንድ እምብዛም አያልፍም ነበር። ከሱሪናም የሄደው ጥቁር ሠራተኛ ያን ማትዘሊገር፣ በማሳቹሴትስ ሊን ከተማ ቀን ፋብሪካ እየዋለ ማታ ሲሞክር ከርሞ እ.ኤ.አ. በ1883 የመወጠሪያ ማሽኑን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ማሽኑ በቀን እስከ 700 ጥንድ ይወጥር ነበር፤ የጫማ ዋጋም በግማሽ ያህል ወረደ። እሱ ግን በ36 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ጥያቄ፦ የድሮ የቆዳ ጫማ ቅባት ልቀባው?

መልስ፦ ተዉት! በተለይ ሲነኩት ቀይ ዱቄት ከለቀቀ ቆዳው ራሱ እየተበላ ነው፤ ዘይት ያጠቁረዋል እንጂ አያድነውም። ውስጡን አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ሞልተው ፀሐይ ከማይደርስበት ያስቀምጡት። ጋዜጣ ግን አይጠቅጥቁበት።