ሮቶዳይን ለምን ሳይመረት ቀረ?

ክቡራትና ክቡራን፣

ሮቶዳይን የእንግሊዙ ፌይሪ ኩባንያ 40 መንገደኛ ከከተማ መሀል አንሥቶ ሌላ ከተማ መሀል እንዲያወርድ የሠራው፣ ግማሹ ሄሊኮፕተር ግማሹ አውሮፕላን የሆነ ማሽን ነው። የተሠራው አንድ ብቻ ነው። በጩኸቱ ምክንያት ቀረ ሲባል ትሰማላችሁ፤ ጩኸቱ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም።

በተለመደው ሄሊኮፕተር ሞተሩ ሮተሩን፣ ማለትም ከላይ የሚሽከረከረውን ክንፍ፣ በማርሽ ሲያዞር፣ አካሉ በተቃራኒው ልዙር ይላል። የጭራ ሮተር የሚገጠመው ይህንን ለመግታት ነው። ሮተሩ በተለቀ ቁጥር ማርሹ ይከብዳል፤ የሮቶዳይን ሮተር ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ሜትር ያህል ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ማርሹን ጭራሽ ተዉት። ሁለቱ የኔፒየር ኢላንድ ሞተሮች በክላች የሚያያዙ ኮምፕሬሰሮችን (አየር የሚያምቁ መሣሪያዎችን) ይነዳሉ። የታመቀው አየር በክንፎቹ በኩል ወደ ሮተሩ ራስ ይወጣና በአራቱ ብሌዶች (የሮተሩ ረጃጅም ቅጠሎች) ውስጥ ጫፍ ድረስ ይዘልቃል፤ እዚያ ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ ሲነድ ግፊቱ ሮተሩን ያዞረዋል። አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሮተሩ ሚዛኑን እንዳይስት፣ እያንዳንዱ ሞተር አየር የሚሰጠው ለፊት ለፊት ተቃራኒ ብሌዶች ነው። የጭራ ሮተር የለም፤ በዝግታ ሲበር አቅጣጫ የሚለወጠው ማሽኑን ወደፊት የሚገፉትን የግራና የቀኝ ፕሮፔለሮች አንግል በማለያየት ነው።

ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ የጫፉ እሳት ይጠፋል፤ ኃይሉም ወደ ፕሮፔለሮቹ ይዞራል። ሮተሩ በነፋስ ብቻ እየተሽከረከረ የማሽኑን ክብደት ከክንፎቹ ጋር ይጋራል። ለማረፍ እሳቱ አየር ላይ እንደገና ይለኮሳል። ማሽኑ መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1957 ነው፤ ይህ ሽግግር የተሳካው ግን በኤፕሪል 1958 ነው። በጃንዋሪ 1959 በ100 ኪሎ ሜትር ዙር በሰዓት 307 ኪሎ ሜትር በርሮ ክብረ ወሰን ያዘ።

እንግዲህ እሳቱ የሚነድደው ሲነሣና ሲያርፍ፣ ማለትም ልክ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ላይ ነው። ጩኸቱ በ180 ሜትር ርቀት 113 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ይደርስ ነበር፤ የታለመው 96 ነው። 17 ዴሲቤል ጥቂት ይመስላል፤ በድምፅ ኃይል ሲሰላ ግን 50 እጥፍ ነው። በብሌዶቹ ጫፍ የድምፅ ማፈኛዎች ተሞክረው መሻሻል ታይቶ ነበር።

በእኛ እምነት የባሰው ችግር ሞተሩ ነው። አየር መንገዶች ከ40 በላይ ሰው የሚጭን ፈለጉ። ለዚያ የኢላንድ ጉልበት አይበቃም፤ ታይን የተባለው የሮልስ ሮይስ ሞተር ሊገጠም ታቀደ። ሞተር መቀየር ግን ማሽኑን በሙሉ እንደ አዲስ መንደፍ፣ ገንዘብና ዓመታት ማለት ነው። በ1960 ሌላው የእንግሊዝ ኩባንያ ዌስትላንድ የፌይሪን የአውሮፕላን ሥራ ጠቀለለ። ማሽኑን ሊገዙ ያሰቡት አየር መንገዶች ጩኸቱ እስኪቀንስ ይጠብቃሉ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ አየር መንገዶቹን ይጠብቃል። ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሳይመጣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1962 ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ ታይን የተገጠመለት ሮቶዳይንም ከንድፍ አላለፈም።